ቅጽ ያልነበራት ክፍል

ያኔ ከመቱ ብዙም በማትርቅ፣ ስሟን ለራሴ ክብር ስል በማልጠራት ከተማ፣ በአንድ የግብር መሥሪያ ቤት የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ። መስኮት ላይ ተቀምጬ ባለጉዳይ አስተናግዳለሁ፤ ማስተናገድ ማለት በአብዛኛው “ነገ ይምጡ” ማለት ነው። በዚህ ሙያ ጎበዝ ነበርኩ።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ስልኩን ይዞ እየተጣደፈ መጣ። ቤታቸውን በኢንተርኔት ለአዳር የሚያከራዩ ሰዎች ግብር ይክፈሉ የሚል መመሪያ ከደረሰን ሰንብቷል፤ መመሪያውን እንጂ ቤቶቹን ያየ ግን አልነበረም። አሁን አንዱ ስልኩ ላይ ተገኘ፤ ንጹሕ አልጋ፣ ቁርስ ከያዮ ጫካ ማር ጋር፣ አምስት ኮከብ።

“ማን ፈቅዶላቸው ነው ኮከብ የሚሰጡት?” አለ ኃላፊው፣ ከግብሩ ይልቅ ኮከቡ አናዶት።

የቢሯችን ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት ስላለፉት ክፍሉን የያዝኩት በራሴ ዳታ ነው። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ተከራይ መስለህ እደር፣ ማስረጃ ይዘህ ና፣ ቤቱ ይታሸጋል፣ አንተም ቋሚ ትሆናለህ። ቋሚ መሆን ምን እንደሆነ የሚያውቀው በየስድስት ወሩ ኮንትራቱ ባለቀ ቁጥር ለማደሻ ደጅ የሚጠና ሰው ብቻ ነው።

ከቡሬ በአውቶቡስ የመጣ ነጋዴ መስዬ፣ ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርጌ ሄድኩ። ዝናብ እየወረደ ጥቁር መነጽር ያደረገ ነጋዴን መቼም ማንም አይጠረጥረውም!

በሩን የከፈቱልኝ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። “ኮቱ፣ ግባ ልጄ፣ ዝናብ መታህ” ብለው አስገቡኝ። ባላቸው ሞተዋል። ክፍሏን ኢንተርኔት ላይ ያወጣችላቸው አዲስ አበባ ያለች ልጃቸው ናት፤ ጡረታው ስለማይበቃ የስኳር መድኃኒታቸውን የሚገዙት በዚህችው ክፍል ነው። ይህን ሁሉ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። እኔን ግን ከየት መጣህ፣ ምን ትሠራለህ አላሉኝም። እንግዳ ሳይበላ መጠየቅ ነውር ነው። እኔ ደግሞ በልቤ፣ የዋህ ናቸው፣ ሥራዬ ቀለለ አልኩ።

ጠዋት ትኩስ ዳቦ በማር ቀረበልኝ፤ ጠርጌ በላሁ። ሳህኑን አነሱና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

“በላህ አይደል? እንግዲህ ልጠይቅህ። ቅጹ መጣ?”

“የምን ቅጽ፣ እትዬ?”

“የግብሩ ነዋ! ሁለት ጊዜ መስኮትህ ድረስ መጥቼ፣ ለእንዲህ ያለ ቤት ቅጽ የለንም፣ ነገ ይምጡ ብለህ መለስከኝ። ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን፣ ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። ትናንት በር ላይ ሳይህ፣ እሰይ፣ ቤቴ ድረስ ይዞልኝ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። መነጽሩንስ ያደረግከው ዓይንህን አሞህ መስሎኝ ነው።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ጠዋት አፍሬ አላውቅም።

ቢሮ ገብቼ ሪፖርቴን ስጽፍ፣ ሴትዮዋ ለመመዝገብ ሁለት ጊዜ መምጣታቸውንና የመለስኳቸው እኔ መሆኔን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት። በዚህ ጀግንነቴ ለአሥር ደቂቃ ያህል ኮርቻለሁ። ኃላፊው አነበበና ጣቱን እዚያችው ዓረፍተ ነገር ላይ አሳረፈ።

“ይህቺ ከቆየች ጥፋተኛው አንተ ነህ። ጥፋተኛ ደግሞ ቋሚ አይሆንም። ምን ትላለህ?”

ሪፖርቱን ያለዚያች ዓረፍተ ነገር በሌላ ወረቀት ገለበጥኩት፤ ጽሑፌም አማረ።

ክፍሏን እንዳሽግ የተላክሁት እኔው ነኝ። ቶሎ ጨርሼ ልሂድ ስል ወረቀቱ በሩ ላይ ተጣሞ ተለጠፈ። እትዬ አጠገቤ ቆመው ያያሉ። አልተቆጡም፤ ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር።

“ቀጥ አድርገው እንጂ፣ ልጄ” አሉኝ። “አለቃህ ይቆጣሃል።”