ዘራፊ የተወው ጀሪካን

እኛ ሐይቅ ዳር ሽንኩርት ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጨው ወንድ ነው፤ የተረጨው ሳይደርቅ ገብተን የምናርመውና የመርጫ ልብሱን የምናጥበው ሴቶች ነን። መድኃኒቱ ሲያልቅ ባዶው ጀሪካን ለቤቷ ሴት ይሰጣል። እኔም አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ባሌ አንድ ሰማያዊ ጀሪካን ሲያመጣልኝ ወርቅ ያጠለቀልኝ ያህል ፈነጠዝኩ። በአመድና በጠጠር አጥቤ ውኃ ቀዳሁበት።

ያባነነችኝ የጤና ሠራተኛዋ ናት። አርግዤ ነበር፤ ከአረም ስመለስ ራሴን እንደሚያዞረኝ ነገርኳት። ስለ እርሻው ጠይቃኝ ስታበቃ፣ «ርጭቱ ሳይደርቅ አትግቢ። የመድኃኒት ዕቃ ደግሞ መቶ ጊዜ ቢታጠብ አይጠራም፤ ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት ብሺው» አለችኝ። አረሙን ተውኩ። ጀሪካኑን ግን ለመብሳት ሳሳሁና የጓሮ አጥር ላይ ሰቀልኩት።

ጦርነቱ ሲመጣ ወደ አምባሰል ገጠር፣ ዘመዶች ዘንድ ሸሸን። ስንመለስ ቤቱ ተጠርጓል፤ ብርድ ልብስ የለ፣ ድስት የለ፣ የውኃ ዕቃ የለ። አማቴ ወደ ጓሮ ዞረው «አልሐምዱሊላህ!» ሲሉ ሰማሁ። ጀሪካኑ አጥሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ወዲያው አመድ መፈለግ ጀመሩ።

«እማዬ፣ በዚህስ ውኃ አይቀዱም» አልኩ።

«ወላሂ አብደሻል! ያለን እሱ ብቻ!»

እምቢ ብያቸው አላውቅም ነበር። ሆዴ ውስጥ ግን ልጄ ይራገጣል፤ ከቁጣቸው ይልቅ ለእሱ ፈራሁ። ዘራፊ ያላያት ወስፌ ግድግዳው ላይ ተሰክታ ነበር፤ ነቅዬ ጀሪካኑን ሦስት ቦታ በሳሁት።

አማቴ አንስተው አሸተቱትና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ቤቱን ሙልጭ ያረገ ሌባ ይሄን ለምን ተወው?»

«አሽትቶት ይሆናላ!»

«ሱብሃነላህ! ሌባ የተጠየፈውን እኔ ለልጅ ልጄ ላጠጣ!»

ሳቃቸው መጥቶ መሬት ላይ ተቀመጡ። ባዶ ቤት ውስጥ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ ሁሉ ሰቀቀን በኋላ የመጀመሪያ ሳቄ ስለነበር ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ውኃውን ጎረቤታችን ባዋሰችን እንስራ ቀዳን።

ጤነኛ ሴት ልጅ ወለድኩ። ልጅቷ ለመታዘል ስትደርስ አማቴ ወስፌዋን ሻሻቸው ላይ ሰክተው በየቤቱ መዞር ያዙ። ሴቶቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው እየተንጫጩ የመድኃኒት ጀሪካናቸውን ይደብቃሉ። እሳቸው ደጃፍ ላይ ይቆሙና ጀርባቸው ላይ የተኛችውን ልጄን ዞር ብለው ያሳያሉ።

«ይቺን እዩና ወዳችሁ አምጡት!»