ሰባቱ የኩዊኒን ቀናት

ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበር፤ ሞተር የሚመረምረውም በጆሮው ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «የኋላው ኩሽኔታ ቅባት አጥቶ ደርቋል» ወይም «ደህና ነው፣ ተዉት» ይላል። የሥራ ጓደኞቹ ስሙን ትተው «ጆሮው» ይሉት ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያለ ምክንያት ብሎን የፈታው አንድ ቀን ብቻ ነው። የዚያም ቀን ጥፋት ግማሹ የኔ ነው።

እኔ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ያ ቀን በሆነበት ዓመት ወባ ያዘው። መጀመሪያ የታዘዘለት መድኃኒት ስላልሠራለት ሐኪሙ ኩዊኒን አዘዘለት፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን። ለማላውቀው ሰው ሁሉ በመስኮቱ በኩል «ጆሮ ሊጮህ፣ ሊያዞር፣ ሊያቅለሸልሽ ይችላል። አትደንግጡ፣ ክኒኑ ሲያልቅ ይተዋል። ጆሮ ጨርሶ ከተደፈነ ወይም ዓይን ከፈዘዘ ግን ቶሎ ተመለሱ» እላለሁ። ለባሌ ክኒኑን ኪሱ ከተትኩና «በልተህ ዋጥ» ብቻ አልኩት። የቤት ሰው እኛ የምናውቀውን ሁሉ የሚያውቅ ይመስለናል።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ዕረፍት እያለው ሥራ ገባ። ትልቁን ፓምፕ ቢያዳምጥ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት ሰማ።

«ጋሼ፣ ለኔ እኮ ምንም አይሰማኝም» አለው ኦፕሬተሩ።

«አንተማ የሚሰማህ የምሳ ደወል ብቻ ነው» አለና ፓምፑን አስቆመው።

እስከ ቀትር ፈታታው። ኩሽኔታው እንደ አዲስ ያበራል። ግራ ቢገባው ሁለተኛውን ፓምፕ አዳመጠ፤ እሱም ያፏጫል። ሦስተኛው ከነጋ አልተነሣም፤ ዝም ብሎ የቆመ ነው። እሱም አፏጨ። ያኔ ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

የፈታውን ከኦፕሬተሩ ጋር መልሰው ገጥመው ውሃው እስኪመጣ፣ ጄሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች አፋቸው ያመጣውን ሁሉ ተናግረውታል። ከዚያ በቀጥታ ወደኔ መጣ። እንደማንኛውም ደንበኛ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ ክኒኑን መስኮቱ ላይ አኖረ።

«ውሰጂ። ትኩሳቱ እንደሆነ ለቆኛል። ጆሮዬ እንጀራዬ ነው።»

«ይጮህብሃል?»

«ያፏጫል። የቆመ ሞተር ያፏጭብኛል!»

«ከክኒኑ ነው። ሳልነግርህ ቀረሁ።»

«ለሰው ሁሉ ስትናገሪ አይደል የምትውይው?»

«ለሰው ሁሉ።»

«ለኔስ?»

«አንተማ ባሌ ነህ።»

ከኋላው የቆሙ ሽማግሌ «የኔ ልጅ፣ እኔን እንደ ባል እንዳታዪኝ አደራ፤ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ» አሉ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሥራዬን ለሌላዋ ትቼ ወጣሁና ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት። «የወባው ተሕዋስ ቀዩ ደም ውስጥ ገብቶ ይበላል» አልኩት። «ከሚበላው የሚተርፈው ዝቃጭ ለራሱም መርዝ ነው፤ እንዳይጎዳው ጠጣር አድርጎ ያኖረዋል። ክኒኑ ይህን ይከለክለዋል። በገዛ ዝቃጩ ተመርዞ ይሞታል።»

«ሞተ እንግዲህ። ምን ቀረ?»

«የተረፈው። ዛሬ ብትተወው ተራብቶ ይመለሳል። አንተ ብሎኑን ግማሽ አጥብቀህ ሞተር ታስነሣለህ?»

«ጆሮዬ ባይመለስስ?» አለኝ።

«ይተዋል» የሚለውን ቃል ለስንቱ ሰው ተናግሬዋለሁ። ለሱ ለመናገር ግን ድፍረት አጣሁ። ይዤው ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ሐኪሙ ጆሮውን አየ፣ የልብ ምቱን አዳመጠ፣ ስለ ዓይኑ ጠየቀና «ይቀጥል። ብዙውን ጊዜ ይመለሳል» አለ። «ሁልጊዜ» አላለም። ባሌ ያቺን ቃል ልብ ብሏታል፤ እኔም ልብ ብያታለሁ። ቢሆንም ቤት ስንደርስ የዘገየ ምሳውን በላና ክኒኑን ዋጠ።

የቀሩትን ቀናት ከቤት ሳይወጣ አሳለፈ። ሬዲዮው ያፏጫል፣ ግድግዳው ያፏጫል። «አንቺም ታፏጫለሽ» አለኝ አንድ ቀን፤ የቀልድ አመሉ ሲመለስ ደስ አለኝ። የምናገረውን ግን ሁለት ሁለት ጊዜ ያስደግመኝ ነበር። ክኒኑን አንዲት ሳያስቀር ጨረሰ።

ክኒኑ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ተቀምጠን ሳለ ኩባያውን አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

«ቧንቧው ይንጠባጠባል።»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ሳምንት።»

«ይህንንም ሳትነግሪኝ?»

«ይህንን እንኳ ሆን ብዬ ነው፤ ራስህ እስክትሰማው» አልኩት።

ጥቂት አየኝና ሳቀ። ከዚያ ሻዩን ሳይጨርስ መፍቻ ሊፈልግ ተነሣ።