የፋሲካው አይብና የሰባት ወር ፅንሴ

መጀመሪያ የመጣው ብርድ ብርድ ማለት ነው። የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ መንዝ ውስጥ ሞላሌ ከተማ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ቀጥሎ ትኩሳት፣ ከዚያም የወገብ ፍልጠት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ባለቤቴ በመምህርነት መንዝ ቢመደብ ተከትዬው ከጎጃም መጣሁ። ዘመድ አልነበረኝም፤ እናት የሆኑኝ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ናቸው።

«ምች ነው፤ ዳማ ከሴ ይበቃሻል» አሉኝ። «የጎጃም ሴት ጠንካራ ናት ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ ወሬ ኖሯል!»

ስቄ ጠጣሁ። በሦስተኛው ቀን ልጁ መንፈራገጡን ቀነሰ። ከዚያ ዝም አለ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። የለም። «እመቤቴ፣ አደራሽን» አልኩ።

ባለቤቴ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቶ በጭነት መኪና ሆስፒታል አደረሰኝ። ሐኪሙ በማዳመጫው ፈልጎ ፈልጎ፣ «ልቡ ይመታል» አለኝ። ምን እንደበላሁም ጠየቀኝ። ነገርኩት። በሁዳዴ ወተት ስለማይቀመስ፣ እትዬ አስካለ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከአሬራው አይብ እያወጡ በማሰሮ ያጠራቅማሉ። አይቡ እንዳይደርቅ ብለው አሬራውን ለብ ብቻ ያደርጉታል። ጾሜን አይተው ለፋሲካ ያንን ሰጡኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ በላሁት።

«በደንብ ካልፈላ ወተትና አይብ የሚመጣ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው እዚህ የለንም፤ ግን አንጠብቅም» አለና አምፒሲሊን የሚባል መድኃኒት በደም ሥሬ አስጀመረኝ። በማግስቱ ትኩሳቱ በረደ፤ ልጁም ጎኔን ሲረግጠኝ ከአልጋዬ ሆኜ እያለቀስኩ ሳቅሁ። ስሰናበት ሐኪሙ፣ «አይብ ተዪ አላልኩሽም፤ እሳት አትንፈጊው» አለኝ።

እትዬ አስካለ ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ። «በእጄ ላጠፋሽ ነበር?»

«እርስዎ በፍቅር ሰጡኝ፤ ያላወቅነው ሁለታችንም ነን» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ አሬራውን አንተክትከው አይብ ያወጡልኝና ትኩሱን እዚያው እንበላለን፤ እየደረቀባቸው ቢያጉረመርሙም።

ጤነኛ ሴት ልጅ ወለድኩ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሷት እሳቸው ናቸው። ፈጣሪዬ ይመስገን፤ ለዚያም ሐኪም እድሜ ይስጥልኝ።

እናንተ ነፍሰ ጡሮች፣ በደንብ ካልፈላ ወተት ወይም አሬራ የወጣ አይብ አትብሉ። የፈላውንም በዕለቱ ጨርሱት እንጂ ለበዓል አታቆዩት። ትኩሳት ከያዛችሁ ወይም ልጁ ዝም ካለ ግን ምች ነው ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ጸሎቱን መንገድ ላይ ታደርሱታላችሁ።