ከድልድዩ ሥር የተሞሉት ሰዓቶች

ሰዓት ሠሪው ፈሪ ነው። ይህን ስል ላማው ብዬ አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም። ውሻ ይፈራል፣ አሳንሰር ይፈራል፣ ስልክ ሲጠራ ይደነግጣል። ከሁሉ በላይ ግን የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ይፈራል። የትራፊክ ፖሊስ መኪና አስቁሞ ቢያሳልፈው እንኳ፣ አንዳች ያጠፋ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሻገረው። ታስሮ አያውቅም፣ ተከስሶ አያውቅም፣ ከሰው ጋር እንኳ ተጣልቶ አያውቅም። ሲፈጠር እንዲሁ ሆኖ ተፈጠረ፣ አለቀ።

ቤት ውስጥ አፍ ያላት ሚስቱ ናት። ጎረቤት ሙዚቃ ሲያስጮህ ሄዳ የምታስቀንሰው እሷ፣ ልብስ ሰፊው ሱሪውን ሲያጠብበት መልሳ ይዛበት የምትሄደው እሷ፣ ሐኪም ቤት ተራ ሲነጠቅ የምትሟገትለት እሷ። "አንተ ሰውዬ፣ እኔ የሞትኩ ዕለት ማን ሊናገርልህ ነው?" ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው፤ ነገሩ በየጊዜው ያሳስበዋል።

ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ክፍል ናት። ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ወረንጦውን ይዞ ሲጎነበስ ግን ሌላ ሰው ነው። ዓይን የማታያትን ብሎን አንስቶ ቦታዋ ሲያስገባ እጁ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። ችግሩ ቀና ሲል ነው። ደንበኛ ድንገት "እንደምን ዋልክ?" ሲለው ወንበሩን ለቆ ዘሎ ይነሳል።

ወደ ጨዋታው የከተተችውም ሚስቱ ናት። "እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ሻግተህ ልትቀር ነው፣ ትንሽ ነፋስ ይንካህ" ብላ ስልኩ ላይ ጫነችለት። ጨዋታው ይኸውላችሁ፣ በአጭሩ ድብብቆሽ ነው። አንዱ ትንሽ ሣጥን አንድ ቦታ ይደብቅና የቦታውን የሳተላይት ቁጥር ይልካል፤ ሌሎቹ ስልካቸውን አፍጥጠው እያዩ፣ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ፣ ቱቦ ለቱቦ ሲርመጠመጡ ይውላሉ። ጢምና ጡረታ ያላቸው ሰዎች! ይህን የሚጫወቱት የማኅበሩ አባላት እፍኝ የማይሞሉ ናቸው፦ ሰብሳቢው የጂኦግራፊ መምህር፣ አንዲት ነርስ፣ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ባልና ሚስት፣ ጥቂት ሌሎች፣ እና ችኩሉ። ከእነሱ ውጭ ያለውን ሕዝብ ሁሉ "ባዳ" ይሉታል። ባዳ እያየ ሣጥን አይነካም።

ችኩሉ ታክሲ ነጂ ነው። ስሙን ያወጣችለት ነርሷ ናት፤ ቁጥር ሳይላክ በግምት ብቻ ሄዶ ሣጥን የሚያወጣ ጉደኛ ስለሆነ። ሰዓት ሠሪውን ደግሞ "ጭምቱ" ያለው ችኩሉ ነው። እንዴት እንደተዋደዱ አትጠይቁኝ። አንዱ ሲያወራ ይውላል፣ ሌላው ሲያዳምጥ ይውላል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ውሻ ያለበት ሰፈር ሲደርሱ ችኩሉ ከፊት ይሄዳል፤ ጭምቱ ሳይነግረው።

ማኅበሩ በየዓመቱ የተመሠረተበትን ዕለት ሰብሰብ ብሎ ያከብራል። በልማዳቸውም ዕጣ የወጣለት አንድ ሰው ለሁሉም ማስታወሻ የሚሆን ነገር መርጦ፣ ምን እንደሆነ ለአንድም ሰው ሳይናገር ሣጥን ውስጥ ከትቶ ይደብቃል። ሁሉም መናፈሻው ተገናኝተው ቁጥሩ ሲላክ ፍለጋ ይወጣሉ። መምህሩ ያወጡት አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፤ እያንዳንዱ ሣጥን ክዳኑ ላይ የማኅበሩ ቢጫ ክብ ይለጠፍበታል፣ ላዩ ላይም "ጨዋታ ነው" ተብሎ ይጻፋል። ባዳ አግኝቶ እንዳይደነግጥ ነው።

በዚህ ዓመት ዕጣው ለማን ወጣ? ለሰዓት ሠሪው።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። የስጦታ ዕቃ መደብር ገብቶ ኩባያ አነሳ፤ ቢሰበርስ ብሎ መለሰው። ካኔቴራ ይሁን አለ፤ ዳቦ ጋጋሪው ትንሽ ሞላ ያሉ ናቸው፣ ልኩ ቢጠብባቸው የተሰደቡ ይመስላቸዋል ብሎ ተወው። የቁልፍ መያዣ ያለፈው ዓመት ተሰጥቷል። ሜዳሊያ አየ፤ ምን አሸነፍንና ይሉኛል ብሎ ፈራ። ባለመደብሩ ትዕግሥቱ አልቆ "ጌታው፣ የሚፈልጉትን እርስዎ ያውቁታል?" ሲለው፣ ይቅርታ ጠይቆ እግሬ አውጪኝ አለ። ሚስቱን እንዳያማክር ምስጢር ነው። ሰው ሁሉ ፊት "ይኼ ነው ያመጣኸው?" ሲባል በሐሳቡ እያየ ላብ ያጠምቀው ጀመር።

በመጨረሻ መልሱን ከገዛ መሳቢያው አገኘው። ለመለዋወጫ ብሎ ያጠራቀማቸው በእጅ የሚሞሉ የድሮ የኪስ ሰዓቶች ነበሩት፤ የቆሙ፣ አቧራ የጠጡ። አንድ በአንድ ፈታቸው፣ አጠባቸው፣ ዘይት አቀመሳቸው። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ የአባሉን ቅጽል ስምና የመጀመሪያ ሣጥኑን ያገኘበትን ቦታ ቀረጸ፤ ለነርሷ "ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ"፣ ለመምህሩ "ከውሃ ጋኑ ጀርባ"፣ ለችኩሉ "ቁጥር ሳይላክ"። እንዲህ ያለ የሚያምር ሥራ ሠርቶ አያውቅም። እውነቴን ነው፣ ብታዩት ዓይናችሁን አታነሱም።

ነገር የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያበላሸውም ጥንቃቄው። የቆመ ሰዓት ማን ይወዳል ብሎ ሁሉንም ጥርቅም አድርጎ ሞላቸው፤ ሲከፈት ሕይወት ዘርተው ይገኙ ብሎ። እንዳይጫኑ ብሎ በብስኩት ቆርቆሮ ከተታቸው። ውሃ እንዳይገባ ብሎ ቆርቆሮውን ዙሪያውን በጥቁር ፕላስተር ገመደው። ቢጫዋን ክብ ሊለጥፍ አንስቶ ደግሞ አሰበ፤ ባዳ ቢያይና ጨዋታ መሆኑን አንብቦ ቢከፍትስ? ይኼን ሁሉ ሰዓት ይዞ ላጥ ነው የሚለው። ስለዚህ ምልክቱን ኪሱ ከተተው። በክብረ በዓሉ ጠዋት፣ ሣጥኑን ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ድልድይ ሥር፣ ግንቡ ላይ ካለች ቀዳዳ ወሽቆ፣ መንገዱን ተሻግሮ ሻይ ቤት ተቀመጠ። ደባቂው ርቆ ሆኖ የፈላጊዎቹን ፊት ማየት ይፈቀድለታል።

ሻዩን ገና አንዴ እንደተጎነጨ ችኩሉን አየው። ቁጥሩ አልተላከም፤ ሌሎቹ ገና መናፈሻው አልደረሱም። ችኩሉ ግን ታክሲውን ዳር አቁሞ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ከድልድዩ ሥር ወዳለው ቦይ ወረደ። ሰዓት ሠሪው በሆዱ ሳቀ፤ ይኼ ሰው መቼም አይለወጥም አለ። ችኩሉ እጁን ቀዳዳው ውስጥ ሰደደ፣ ቆርቆሮውን አወጣ፣ አገላብጦ አየው። ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ አደረገውና ባለበት ደርቆ ቀረ።

ከላይ የጣቢያው ጥበቃ አጎንብሶ "አንተ! ምንድነው የያዝከው?" አለ። ችኩሉ ምን ብሎ እንደመለሰ ሻይ ቤቱ ድረስ አልተሰማም። ጥበቃው ግን ወደ ኋላ ሲሮጥ ታየ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ፤ ሰው ከጣቢያው እየተንጋጋ ወጣ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይሮጡ ጀመር። የፖሊስ መኪና መጣ፣ ሌላ ተከተለ፣ መንገዱ በገመድ ተዘጋ። ከሻይ ቤቱ ያለውን ሁሉ አስወጥተው ከገመዱ ወዲያ አቆሙት። "ቦምብ ነው፣ ቀጭ ቀጭ ይላል አሉ" ተባለ። ያንን የሰማ ሰው ሁሉ ለሚቀጥለው ጨምሮ አወራለት፤ ቦምቡ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ።

ሰዓት ሠሪው መናገር ነበረበት፤ ያውቃል። ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት። አፉን ከፈተ፣ ምላሱ ግን ተሳሰረ፣ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ስልኩን አውጥቶ ሚስቱን ደወለ፤ እሷ ብትሰማ ከየትም መጥታ በጮኸችለት ነበር። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። ሥራ ቦታዋ የማሽን ጩኸት ውስጥ ናት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገርለት ሰው አጣ።

የፖሊሶቹ አለቃ በድምፅ ማጉያ፣ ዕቃውን ቀስ ብሎ መሬት እንዲያስቀምጥ ችኩሉን ያዝዘዋል። ችኩሉ አይሰማም ወይም አይችልም፤ ቆርቆሮውን ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ ቦዩ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ከገመዱ አጠገብ አንድ ለጋ ፖሊስ ጠመንጃውን ደግኖበታል። ሰዓት ሠሪው አፈሙዙን አየ፤ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፣ ጣቱ ምላጩ ላይ ነው። ፍርሃት ምን እንደሚያሠራ ከሰዓት ሠሪው የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ይኼ ልጅ ችኩሉ ቢያስነጥስ እንኳ ይተኩሳል።

ያን ጊዜ ችኩሉ ዓይኑን ከሕዝቡ ላይ እያንቀዋለለ ድንገት ጓደኛውን አየው። ተያዩ። ችኩሉ በጣም ቀስ ብሎ፣ ፖሊሶቹ እንዳያዩት ሆኖ፣ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አትምጣ ማለቱ ነው። ሣጥኑ የኔ መሆኑን አወቀ ማለት ነው፣ አለ ሰዓት ሠሪው በልቡ፤ ሰዓቱን ሰምቶ ማን እንደሞላው ለየ፣ እኔ ደንብ ልብስ ፊት እንዳልቆም ብሎ በኔ ፈንታ ሊሞት ነው።

ገመዱን ከፍ አድርጎ በሥሩ አለፈ። እንዴት እንዳለፈ ዛሬም አያስታውሰውም። ጠመንጃው ወደ እሱ ዞረ፣ አለቃው "ቁም!" አለው፣ ቆመ፣ እጁን አነሳ። ሽንቱ አምልጦት ነበር፤ ይኼንንም ደብቁልኝ አላለም።

"ሣጥኑ የኔ ነው፣ ጌታዬ" አለ። "ሰዓቶች ናቸው። የሞላኋቸው እኔ ነኝ።"

አላመኑትም። አለቃው ኪሱን አስፈተሸው፤ "ጨዋታ ነው" የምትለዋ ቢጫ ክብ ወጣች። አለቃው እሷን አየ፣ ወደ ድልድዩ አየ፣ መልሶ እሱን አየ። ውሸት ከሆነ ሁለታችሁም እዚያው ትቀራላችሁ፣ እውነት ከሆነ ሄደህ ራስህ ክፈተው አለው። ሰዓት ሠሪው ቁልቁለቱን ብቻውን ወረደ። ጠመንጃው ጀርባው ላይ እንደተደገነ ሳያየው ይሰማው ነበር፤ ጆሮው ውስጥ የራሱ ልብ ከሰዓቶቹ በላይ ይመታል።

ችኩሉ ሲጠጋው አይቶ ጥርሱን ነክሶ "ሂድልኝ" አለው። "ሂድ እባክህ።" ሰዓት ሠሪው ቆርቆሮውን ሊቀበለው ቢጎትት የችኩሉ ጣቶች አልላቀቅ አሉ። አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ፕላስተሩን በጥፍሩ ላጠ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ አንዱን ሰዓት አውጥቶ በሰንሰለቱ ወደ ላይ አንጠለጠለው። ከዚያ አለቃው ጠመንጃው እንዲወርድ አዘዘ።

ችኩሉ እዚያው ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። ሰዓት ሠሪው አጠገቡ ተቀመጠ። ፖሊሶቹ እየወረዱ ነበር።

"አወቅከው አይደል?" አለ ሰዓት ሠሪው። "ራስህን ስትነቀንቅልኝ። የኔ ሥራ መሆኑን አውቀህ፣ እንዳልያዝብህ ብለህ ነው።"

ችኩሉ ዞሮ አየው። "በምን አውቃለሁ? ምልክት የለው፣ ምን የለው። ቦምብ ነው ብዬ ነበር እኮ።"

"ታዲያ ራስህን ለምን ነቀነቅክ?"

"እንዳትጠጋ ነዋ።"

ችኩሉ ፊቱን በጭቃ እጁ ሸፍኖ፣ ትከሻው እየተርገፈገፈ ማልቀስ ጀመረ። አለቃው ከበላያቸው ቆሞ ተነሱ፣ ጣቢያ እንሄዳለን አላቸው። ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ የአለቃውን ፊት፣ የደንብ ልብሱን፣ የወገቡን ሽጉጥ አየ።

"ትንሽ ይቆዩ፣ ጌታዬ" አለው። "ጓደኛዬ ገና መቆም አይችልም።"