ያላበጠው አንገት

ሰው ሁሉ «መርፌው» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ከብት ሲከትብ ስለኖረ ላሞቹ እንኳ ድምፁን ሲሰሙ ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ። ወግቶ የሚረሳ ሰው ግን አይደለም። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ የእያንዳንዷን አንገት በጣቱ ይዳብሳል፤ ትንሽ እብጠት ካገኘ ፊቱ ይፈታል። የአባሰንጋ ክትባት የደከመ፣ በቅርፊቱ ተጠቅልሎ የተኛ የበሽታው ዘር ነው። ገብቶ ሲነቃ ነው ሰውነት ጠላቱን አይቶ መከላከል የሚለምደው፤ እብጠቱ የመንቃቱ ምልክት ነው።

ያን ዓመት በታችኛው መስክ አንድ በሬ በአባሰንጋ ሞተ። ከብቱ ሁሉ ተከትቦ፣ ክትባቱ እስኪይዝ ሁለት ሳምንት በየበረቱ ታሰረ። በሦስተኛው ቀን ሲዞር የታላቅ እህቱ ላም አንገት ምንም አላበጠም። አንዳንዷ አታብጥም ብሎ አለፈው፤ ነገሩ ግን ከሆዱ አልወጣም። እህቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በዚያች ላም ነው።

ከብቱ በሚለቀቅበት ማለዳ ጎረቤቷ መንገድ ላይ አገኘውና፣ «እህትህ የምታልበው ለድመት ነው እንዴ? በክትባቱ ሰሞን ሦስት ቀን ሙሉ ወተት ስትደፋ ነበር» ብሎ ሳቀ።

መርፌው ክው አለ። የእሱ ክትባት ወተት አያስደፋም፤ ለጥቂት ቀን ወተት የሚያስደፋው ጀርም ገዳይ መድኃኒት ነው። ቦርሳውን ሰውዬው እጅ ላይ ጥሎ ወደ እህቱ ቤት ሮጠ። ላሟ ከበር ወጥታ ከመንጋው ልትቀላቀል ስትል ደርሶ ቀንዷን ያዘ።

«እታለም፣ ፔኒሲሊን አስወግተሻታል?»

«ማን ነገረህ?»

«የደፋሽው ወተት።»

ገመዱን በእጇ ጠቀለለች፣ መልሳ ፈታችው። «አንተ በከተብካት ማግስት ነው። ከዚያ ከሞተው በሬ ጋር ስትግጥ ነበር። አንዱ ቢያቅተው ሌላው ያድናታል ብዬ። ቁጣህን ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«መድኃኒትሽ እኮ የእኔን ዘር ገና ሳይነቃ ፈጀው። ሰውነቷ ምንም አልተማረም። መስኩ ላይ የተኛው ዘር ደግሞ የደከመ አይደለም። እንደገና ተከትባ ትታሰር።»

መንጋው ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። ላሟ እምቧ እያለች ጎተተችው።

«ድርቆሼ አልቋል» አለች እህቱ። «ሌላ ሁለት ሳምንት ምን ትብላ?»

«ከእኔ ቤት ይመጣል። አስገቢያት።»

እንደገና ከተባት። በሦስተኛው ቀን አንገቷን ሲዳብስ ጣቱ ቆመ። እህቱ ገመዱን እንደያዘች አየችው።

«ነይ፣ እጅሽን አምጪ» አላት።

ከቆዳው ሥር ሽምብራ የምታክል እብጠት ነበረች። ቦርሳውን ይዞ እስኪወጣ ድረስ ጣቷን አላነሳችም።