ወደ ቤታችን ያልተመለሰው ጽዋ

ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮ ላመጣ ሞጣ ሄጄ፣ ከጭነት መኪናው ጀርባ አንዲት ሴት ጋን በወይራ ስታጥን ሽታው አፍንጫዬን ያዘኝ። ሌላው ሰው ይህ ሲሸተው ጠላ ያምረዋል። እኔን ትዝ የሚለኝ አያ ታከለ ነው።

አያ ታከለ ቢቸና ውስጥ የሰፈራችን የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም አለቃ ነበር። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ አንድ ጎኑ በክር የታሰረ መነጽር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ ወረቀቱ ግን የራሴ ነው፣ እዚህ እሱ እለዋለሁ። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ ጽዋው ሳይዞር ያንኑ ይመክራል፤ "ዓይን እጅን አታስፈልገኝም አይለውም። የአንድ አካል ብልቶች ነን፤ አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም።" ድምፁ ደስ ሲል! ከእናቴ ነጠላ ሥር ሆኜ ስሰማው መንግሥተ ሰማያት ከጓሮው ያለች ይመስለኝ ነበር።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ገብሱን በረዶ መታው፤ የእናቴ ተራ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ጽዋውን በጨርቅ ጠቅልላ ከባለፈው ተረኛ ቤት ስታመጣ ታቦት የተሸከመች ነበር የምትመስለው። ያለችውን ብቅል አብቃቅታ ቀጠን ያለ ጠላ ጠመቀች። አያ ታከለ ቀመሰ፣ አጣጣመ፣ ቀሪውን ደጃፋችን ላይ ደፋው።

"እታለም፣ ማኅበር በአቅም ነው" አላት፣ ለስለስ አድርጎ። "እስኪሞላልሽ ዕረፊ።"

የአካሉ ብልቶች ሁሉ አቀርቅረው ዳቧቸውን ቆረሱ።

ጽዋው ከዚያ ወዲያ በደጃችን እያለፈ ሌላ ቤት ይገባ ጀመር። እናቴ ግን ገብስ በገባ ቁጥር ባዶውን ጋን በወይራ ታጥናለች። "ዘንድሮ ይጠሩኝ ይሆናል" እንዳለች ሞተች።

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ ዋጋው እስኪወጣ ማቆየት አውቃለሁ። ቂሜንም እንዲሁ አቆየሁት። ማኅበሩ ውስጥ የገባሁት ለጽድቅ አልነበረም።

አያ ታከለ አረጀ፤ ሚስቱ ሞተች፣ ልጆቹ በየከተማው ቀሩ። ተራው ሲደርስ ማኅበርተኛው "ዘንድሮ እንለፋቸው" ብሎ ተንሾካሾከ። ብድግ አልሁ።

"እንዴት ተደርጎ! ሸክማቸውን እኔ እሸከማለሁ። ያስተማሩን እሳቸው አይደሉም?"

መረቁኝ። እህቴ የእናታችንን ጋን አጠነች፤ ብቅሉንም ልክ እንደዚያ ዓመት አሳነሰች። ጠላውን ቤቱ አደረስሁና የመጀመሪያውን ዋንጫ በሁለት እጄ አቀረብሁለት። ይድፋው ብዬ ተስዬ ነበር፤ በገዛ ደጁ፣ በሰው ፊት።

ቀመሰ። እስከ አተላው ጨለጠው።

"የእናትህ እጅ ነው" አለኝ።

"ነው፣ አያ። ቀጠነብዎት እንዴ?"

"ያኔም ደኅና ነበር። አንዷን ካልመለስሁ ነገ ሁሉም ያቀጥናል ብዬ ነው።"

ለአፍታ ያሸነፍሁ መሰለኝ። ቤቴ ስገባ ግን ተቃጠልሁ፤ እናቴ ጠላ ላይ እጄ ከፋ እንዳለች ነው የሞተችው።

አያ ታከለ ባለፈው ክረምት ዐረፈ። ሙሴነቱን ለእኔ ሰጡኝ፤ እምቢ አላልሁም። በየወሩ የእሱን ምክር እመክራለሁ፤ ቃሉ ምን አጠፋ? የመበለት ተራ ሲደርስም ቀድሜ የምጨልጠው እኔ ነኝ፣ እስከ አተላው።

ለነፍሱ ጸልይ ይሉኛል። እጸልያለሁ። መጀመሪያ ግን ያቺን "ያኔም ደኅና ነበር" የምትለዋን ቃል እዚያ ሄዶ ለእናቴ እንዲነግራት ነው የምለምነው። ከነገራት በኋላ እናያለን።