የአባቴ ላዳና የዱራሜው ፊያት

ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ከስልኩ የመኪና ፎቶ ሲያሳየኝ ዋለ። ስማቸውን እየቀየሩ በዓለም ዙሪያ የተሸጡ መኪናዎች ናቸው። አንዱ ፋብሪካ የሠራውን ሌላው ይወስድና የራሱን አርማ ፊቱ ላይ ለጥፎ «አዲሷ መኪናዬ ይቺውላችሁ» ብሎ ያወጣታል። አንዳንዷማ ከመብራቷና ከስሟ በቀር ምንም አልተነካችም።

«እማማ፣ እቺን ተመልከቺ! ሰው ግን አያፍርም?» እያለ ይስቃል።

«እኔ አንዷን በቃጫ ለክቻታለሁ» አልኩት።

ስልኩን አስቀመጠ። በዚህ ዘመን አንድን ልጅ ስልክ ማስጣል ቀላል አይደለምና ሐሳቡን ሳይቀይር ጀመርኩለት።

አባቴ ሄራሞ በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። የሚነዳት ነጭ ላዳ አዲስ ሆና ነው እጁ የገባችው፤ የወንበሯን ላስቲክ ሁለት ዓመት ሙሉ አላነሳውም። ጠዋት ቢሮ ሳይከፈት ደርሶ ያጥባታል። እናቴ «ለእኔ እንዲህ ተጨንቀህ ታውቃለህ?» ትለው ነበር። አባቴ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው፤ የላዳ ነገር ሲነሳ ግን አፉ አያርፍም። «ለበረዶ የተሠራች ናት፤ የእኛ ጭቃ ለሷ ምኗ ነው?» ይላል። እውነቱን ነው፣ በክረምት ጭቃ ስንቱ ሲቆም እሷ እየተንገዳገደች ትወጣ ነበር።

ዱራሜ ላይ ደግሞ አቶ ከድር የሚባል ነጋዴ ነበር። ከጉራጌ አገር የመጣ፣ ጨርቅና ቆርቆሮ የሚሸጥ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው። ግቢው ውስጥ በንጉሡ ጊዜ የገዛት አንዲት ፊያት አለችው። ቤንዚን በራሽን ከሆነ ወዲህ ብዙም አትንቀሳቀስም፤ እሱ ግን በሸራ ሸፍኖ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል። አባቴ ለሥራ ዱራሜ በሄደ ቁጥር ሻይ የሚጠጣው አቶ ከድር ዘንድ ነው። በሄደም ቁጥር ይጨቃጨቃሉ።

«ሄራሞ፣ ይቺ ያንተ ላዳ የእኔ ፊያት ናት እኮ! አገር ቀይራ ስም አወጣች እንጂ» ይለዋል አቶ ከድር።

አንድ የገበያ ቀን ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ ይህንኑ ደገመው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ከዚያች መኪና የወጣ አንድ ዕቃ በእኔ መኪና ላይ ልክ ከገባ፣ ሁለተኛ መሪ አልጨብጥም!» አለ።

አባቴ ጴንጤ ነው፤ አይምልም። የማይምል ሰው ቃል ደግሞ በእኛ ዘንድ ከመሐላ ይከብዳል። ሳቁ ወዲያው ቆመ ይላሉ የነበሩት። አቶ ከድር ራሱ ደንግጦ ለሁሉም ሻይ አዘዘ።

በዚያው ዓመት በበልግ፣ አባቴ ከሀቢቾ ሲመለስ፣ ከፊቱ የነበረ የጭነት መኪና ጎማ ያስፈነጠረው ድንጋይ የላዳዋን የፊት መስታወት አደቀቀው። ከተማ ሲገባ ግንባሩ ተጫጭሮ፣ በዝናብ በስብሶ፣ የመስታወቱ ፍርፋሪ ጭኑ ላይ ተከምሮ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የቆሰለውን ግንባሩን እንኳ አላየለትም።

«ሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት ንብረት ሊቆጣጠሩ ይመጣሉ» አለው። «እንዲህ ሆና ካገኟት አሻጥር ነው የሚሉት። እኔ በመካከል አልገባም።»

አሻጥር የሚለው ቃል ያኔ እስር ቤት ያስገባ ነበር። አባቴ ላይ ደግሞ ሌላም ነገር ነበረ፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ስሙ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። ምክንያት ነበር የጠፋው፤ አሁን ተገኘ። መለዋወጫ ይምጣ ቢባል ከአዲስ አበባ ለመድረስ ወራት ይፈጃል።

እኔ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ አንደኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። በዚያ ምሽት ቆጮና ጎመን ቀርቦ ማንም አልነካውም።

«አባዬ፣ የአቶ ከድር ፊያት መስታወት …» ብዬ ጀመርኩ።

እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ቃሉን ያልሰማ የሆሳዕና ሰው አልነበረማ! መስታወቱ ልክ ካልሆነ አባቴ ይታሰራል። ልክ ከሆነ መሪ ይለቃል። አባቴ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ለኪ» አለኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ረጅም የቃጫ ገመድ ይዤ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ገባሁ። እናቶቻችን ከእንሰት የሚፍቁት ቃጫ ከተገመደ አይሳብም፣ አያጥርም፤ የቤት ምሰሶ የሚለካውም በሱ ነው። የመስታወቱን ክፈፍ ላዩን፣ ታቹን፣ ግራና ቀኙን ለካሁ፤ በየመጨረሻው አንድ አንድ ቋጠሮ አሰርኩ። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ አራቱ ጎን ልክ ሆኖ ሰያፉ ከሳተ ቅርጹ አንድ አይደለም። ተማሪዎቼን በየቀኑ የምወተውታቸው ይህንኑ ነበር። የግቢው ሠራተኞች «ልጅቷ ለመኪናዋ ቀሚስ ልትሰፋ ነው» እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ!

አባቴ ግን ባዶ እጁን ሄዶ «ስጠኝ» አይልም። በሰው ፊት የተጣላውን ሰው በሰው ፊት ነው የሚጠይቀው። ሁለት ሽማግሌዎች ለመነና ዓርብ በማለዳ በጭነት መኪና ተጭነን ተነሣን። መንገዱ ላይ የዝናቡ ውኃ ቀይ ጭቃ ይዞ ይወርዳል። አንጋጫ ላይ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ሲገባ አንዲት ሴት ትኩስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ሸጠችልን፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣመኝ ድንች የለም። አባቴ አልበላም።

አቶ ከድር ሽማግሌዎቹን ከነጋቢያቸው በሩ ላይ ሲያይ ግራ ገባው።

«ሴት ልጆቼ እኮ ገና ተማሪዎች ናቸው» አለ።

«ልጅህን አይደለም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ሳይስቁ። «የመኪናህን የፊት መስታወት ለሄራሞ እንድትሰጥልን ልንለምንህ ነው የመጣነው።»

አቶ ከድር ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የአባቴን ግንባር ሲያይ መልሶ ዘጋው። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ተነሥቶ ሸራውን ራሱ ገፈፈው።

ገመዴን ዘረጋሁ። ላዩ ልክ ሆነ። ታቹም። ጎኖቹም። ሰያፉን ስይዝ ምን እንደምመኝ ራሴም አላውቅም። ቋጠሮው ማዕዘኑ ላይ ዐረፈ። ሁለተኛውም እንዲሁ።

«አንድ ናቸው» አልኩ።

አቶ ከድር በድል የሚፎክር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የአባቴን እጅ ያዘ። «ሄራሞ፣ መስታወቱን ውሰድ። ያኔ ያልከውን እኔ አልሰማሁም፤ እነዚህ ሽማግሌዎች ምስክሬ ናቸው፤ አፉ ብዬሃለሁ።»

«አንተ ልትተወው ትችላለህ» አለ አባቴ። «የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ። ጸሎት ቤታችንን አሽገውብናል፤ የቀረኝ ቃሌ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ቢለምኑ፣ ቢቆጡ፣ አልሆነም። መስታወቱን አውጥተን በኮባ ቅጠል ደራርበን ጠቀለልነው። እስከ ሆሳዕና አባቴና እኔ የጭነት መኪናው ላይ ቆመን እንደ ሕፃን አቅፈነው መጣን። ቅዳሜ በላዳዋ የመስታወት ክፈፍ ዙሪያ ባለው ጎማ ውስጥ ሲገባ እንደ ክዳን ገጠመ። አባቴ ዙሪያውን በመዳፉ ዳሰሰና ፈገግ አለ፤ አሁንም ያች ፈገግታ አትገባኝም።

ሰኞ ተቆጣጣሪዎቹ አይተው፣ ጽፈው፣ ሄዱ። ኃላፊው ቁልፉን ሲሰጠው አባቴ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠውና ነገሩን ከሥሩ አስረዳው። ኃላፊው የፖለቲካ ነገር መስሎት መጀመሪያ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ብዙ አስቦ፣ «ዘበኛ ጎድሎናል» አለ።

ላዳዋ በወጣች በገባች ቁጥር፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ በሩን የሚከፍትላት አባቴ ሆነ። ደመወዙ አነሰ፤ የታናናሽ ወንድሞቼ ደብተር በእኔ ላይ ወደቀ። ተናድጄበት ነበር፤ ወር ያህል በቅጡ አላናገርኩትም። ገመዱን የዘረጋሁት እኔ ነኝና ያስወረድኩት እኔ መስሎ ይሰማኝ ነበር። በኋላ ነው ሌላውን ነገር ያስተዋልኩት። በመሬት የተጣላ፣ በድንበር የተካሰሰ ሁሉ ከሌሞም ከጎምቦራም እየመጣ «ሄራሞ ዘበኛው ይዳኘን» ይል ጀመር። ሰው ሁሉ ስብሰባ ላይ ያላመነበትን በሚያጨበጭብበት ዘመን፣ እኔ በከተማው ስሄድ «የሄራሞ ልጅ» ስባል አንገቴ ይቀና ነበር። አዋቂዎች እንደሚሉት የሁለቱ መኪና ሞተር ይለያያል። አባቴ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ «መኪናዎቹ አንድ አይደሉም» ብሎ ነገሩን አዙሮ ማምለጥ ይችል ነበር። አላደረገውም።

የልጅ ልጄ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ እንደ ዘመኑ ልጅ ሒሳቡን ሠራ።

«ግን እማማ፣ ሰውዬው ትቶለታል፤ ሽማግሌዎቹም ትተውለታል። ዝም ብሎ ቢነዳ ማን ይከሰው ነበር?»

«ማንም» አልኩት። «የምኮራበትም ለዚህ ነው።»